ጠዋት አልነሳ ያለው የናፍጣ ፒክአፕ
ባለ 2.8 ሊትር ሞተር የሆነው አሮጌው ፒክአፔ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ለረጅም ጊዜ ካልዞረ አይነሳም ነበር፤ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እንከን አልነበረውም። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት ውስጡን የሚያሞቁትን ካንዴላዎች ቢሆንም፣ በቴስተር ስለካቸው ሁሉም ደህና ነበሩ። በናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) እና ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ በሚልከው ኢንጀክሽን ፓምፕ መካከል ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው አስገብቼ ሞተሩን ሳዞር፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ አየሁ። ጥፋቱ ከነዳጅ ታንኩ በሚመጣው የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ቱቦውን አጥብቆ ከሚይዘው ቀለበት (ፋሼታ) ሥር፣ ቱቦው ሲታጠፍ ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ነበር። መስመሩ ናፍጣ የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት ስላልሆነ በስንጥቁ አየር ይገባል እንጂ ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግረውም ሌሊት በሚገባው አየር ምክንያት ናፍጣው ወደ ታንኩ ስለሚመለስ ነበር፤ ከመኪናው ሥር ጠብታ ስፈልግ ሁለት ቀን ያጠፋሁት በከንቱ ነው። ቱቦውን ለናፍጣ በተሠራ አዲስ ቱቦ ቀይሬ፣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሜ ስጫነው አየሩ ወጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቁልፉን እንዳዞርኩ ተነሳ።