ቴስታታ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ቡሎን እንዴት ወጣ

ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ከሚያወጣው ቱቦ) በኩል «ጨክ ጨክ» ትላለች፤ ስትሞቅ ይጠፋል። ማኒፎልዱን ስፈታ አንዱ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ተቀነጠሰ። ስባሪው ከቴስታታው (ማኒፎልዱ ከሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) 2 ሚሊ ያህል ብቻ ወጥቶ ቀረ።

ሦስት ቀን ታገልኩት። ደብሊው ዲ 40 ነፍቼ አሳደርኩት፣ ንቅንቅ የለም። በፒንሳ ስይዘው ጫፉ ተላጠ። በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ልበሳው ስል ደግሞ ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) እየተንሸራተተ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ሄደ፤ ቶሎ ባላቆም ኖሮ ፊሌቶውን (ቡሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ጥርስ) ይበላው ነበር።

ያወጣው ብየዳ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። መጀመሪያ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት) ከስባሪው ጋር አስበየድኩ፣ ከዚያ ዳዶ (ቡሎን ላይ የሚታሰረውን ባለ ቀዳዳ ብረት) ደርበን ውስጡን በብየዳ ሞላነው። ቡሎኑ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ብየዳው ቴስታታውን አይይዝም። ዋናው ነገር ግን ሙቀቱ ነው፣ የዝገቱን አንቆ መያዝ የሚያላቅቀው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዳዶ ተገነጠለ። ሁለተኛውን ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቄ በ13 ቁልፍ ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ እያመላለስኩ፣ በየመሃሉ ዘይት ጠብ እያደረግኩ ስሄድ «ጢጥ» አለና ዞረ። እዚህ ጋ በፍጹም አትቸኩሉ!

ፊሌቶውን በ8 በ1.25 ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ መሣሪያ) አጸዳሁ። አዲሱን ቡሎን የመዳብ ግሪስ ቀብቼ አሰርኩ። ዛሬ ጠዋት ስትነሳ ድምፁ የለም።