የአዝማሪውን ቅኝት በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ እንዴት እናስገባለን?

ጎንደር አንድ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ማሲንቆ ስሙ። ከዚያ ቤት ሄዳችሁ ያንኑ ዜማ በኪቦርድ ሞክሩት። ኖታው ትክክል ነው፤ ለዛው ግን የለም። እኔ ለረጅም ጊዜ በሲንዙ (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥረው መሣሪያ) ድምፅ አሳብብ ነበር። ችግሩ ያለው ቅኝቱ ላይ ነው።

ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ እኩል ለ12 ይከፍለዋል። ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው፤ ኦክታቭ 1200 ሴንት ስለሆነ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው። ማሲንቆ ግን ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። አዝማሪው ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው ባለው ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ይውላል። ማይክሮቶናል የሚባለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ክራር የሚጫወት ሰው ካገኛችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ አንዴ የተቃኘ ክር ቦታውን ስለሚይዝ ለመለካት ይቀላል። አንድ ቅኝት ምረጡ፤ ትዝታ እንበል። አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ ይምታላችሁና በስልክ ቅዱ። ከዚያ ሴንት በሚያሳይ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) እዩት። መነሻው ልክ ሲ (C) ላይ ሆኖ ሦስተኛው ድምፅ «ኢ (E)፣ 20 ሴንት ዝቅ» ካለ፣ ርቀቱ 400 ሳይሆን 380 ሴንት ነው። መነሻው ራሱ ከሲ ፈቀቅ ካለ የእሱንም ልዩነት አስሉ። ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ፋይል ከማውረድ ይሄን እመርጣለሁ። የአንዱ ባለሙያ ትዝታ ከሌላው ይለያል፤ ደግሞም ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር አጠገባችን እያለ ከሩቅ ምን ያስፈልገናል?

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ስካላ በሚባለው የፋይል ዓይነት ጻፉ። ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኖትፓድ ይበቃል። አንደኛው መስመር ላይ ስም፣ ሁለተኛው ላይ የድምፆቹ ብዛት፣ ከዚያ በየመስመሩ ከመነሻው ያለው ርቀት ይገባል። መነሻው አይጻፍም፤ የመጨረሻው 1200.0 ነው። ነጥቧን እንዳትረሱ! 380.0 ሴንት ነው። ያለ ነጥብ 380 ብትሉት ፕሮግራሙ «380 እጥፍ» ብሎ ያነበዋል። እኔ በዚህች ነጥብ አንድ ሙሉ ምሽት አጥቻለሁ። አምስት ድምፅ ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ኦክታቩ በአምስት ቁልፍ ያልቅና እጃችሁ መንገድ ይጠፋዋል። ስለዚህ 100.0፣ 200.0 እያላችሁ 12 መስመር ሙሉና የለካችኋቸውን ብቻ ቀይሩ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ነጥብ ኤስ ሲ ኤል (.scl) ይሁን።

መጫኑ ቀላል ነው። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ሲንዝ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ፋይሉን ይቀበላል። ቫይታልም እንዲሁ። ኤብልተን ላይቭ የሚባለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከ12ኛው እትም ጀምሮ ሙሉ ፕሮጀክቱን በራሳችሁ ቅኝት ያስኬድላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የዳንስ ሙዚቃ ወፍራም ሲንዝ ይወዳል፤ ውፍረቱ የሚመጣው ደግሞ ከዲቱንና ከኮረስ ነው፤ ሁለቱም አንዱን ድምፅ አባዝተው ቅጂዎቹን ከቅኝቱ በትንሹ ፈቀቅ ያደርጋሉ። ለ20 ሴንት ልዩነት ስትደክሙ ቆይታችሁ ዲቱኑ ድምፁን 20 ሴንት ግራና ቀኝ ከበተነው ድካማችሁን ውኃ በላው። ስለዚህ ዜማውን በአንድ ኦሲሌተር (የሲንዙ ድምፅ አመንጪ)፣ ያለ ዲቱን አጫውቱ። ወፍራም ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከመደርደር ይልቅ መነሻውን ድምፅ ከሥር ሳይቋረጥ ዘርጉት። ጆሮ የ20 ሴንትን ልዩነት የሚያጣጥመው የሚያነጻጽርበት ሲያገኝ ነው። ባሱን መነሻውና አምስተኛው ላይ አቆዩት፤ አምስተኛ የምለው ከአምስቱ ድምፆች የመጨረሻውን ሳይሆን መነሻው ሲ ከሆነ ጂን (G) ነው። ንጹሕ አምስተኛ ወደ 702 ሴንት ስለሆነ ከኪቦርዱ 700 ጋር አይጣላም።

የከበሮ ሉፕ (ተዘጋጅቶ የሚደጋገም ቅጂ) አያስቸግርም። ዜማ ያለበት ሉፕ ግን በ12ቱ የተቃኘ ስለሆነ ከእናንተ ቅኝት ጋር ይጋጫል፤ ተዉት። ዘፋኝ ካለ ኦቶቲዩን አጥፉ፣ አለበለዚያ ድምፁን ጎትቶ ወደ ኪቦርዱ ይመልሰዋል። ትንሽ ግላይድ ጨምሩ፤ የማሲንቆ ጣት ይንሸራተታልና።

ሲያልቅ ክራር የመታላችሁን ሰው ጠርታችሁ አሰሙት። አስተያየቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ትከሻውን እዩ። ካልተነቃነቀ ሦስተኛዋን ድምፅ 5 ሴንት ከፍ፣ 5 ሴንት ዝቅ እያደረጋችሁ እንደገና አሰሙት።