ልጅ ለምትይዝ ልጅ ቦርሳ ስናዘጋጅ

የ14 ዓመቷ ልጄ እዚህ ደብረ ብርሃን የጎረቤታችንን ሁለት ልጆች መያዝ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። እናትየዋ ገበያ ስትወጣ ወይም ልቅሶ ስትደርስ ሁለት ሦስት ሰዓት ትቀመጥላታለች። ትልቁ 5 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 2 አልሞላትም።

የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጇን ነው የላክኋት። ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ ምን ያስፈልጋታል ብዬ። ትንሿ ወተቷን ደፋች። ልጄ መወልወያ ጨርቅ ፍለጋ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ትንሿ ረከቦቱ አጠገብ ቆማ እጇን ወደ ከሰሉ ዘርግታለች። እንደምንም ደርሳ አፈፍ አደረገቻት፣ አልተቃጠለችም። ማታ ስትነግረኝ ግን ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እማ፣ ጨርቁ አጠገቤ ቢኖር እኮ አልነሳም ነበር» አለችኝ።

ቦርሳውን ያዘጋጀነው ከዚያች ንግግሯ ተነስተን ነው። ዋና ሥራው ልጅ ያዢዋ ከልጆቹ አጠገብ እንዳትነሳ ማድረግ ነው። አንድ ዕቃ ከማስገባታችን በፊት «ይሄ ባይኖር ተነስታ ልትፈልግ ትሄዳለች?» እንላለን። የምትሄድ ከሆነ ይገባል።

ቦርሳው የጀርባ ይሁን፣ ሁለት እጇ ነፃ እንዲሆን። ዚፑ በደንብ የሚዘጋ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይበቃል። ፌስታል አይሆንም፣ ትንሽ ልጅ ፊቷ ላይ ካጠለቀችው ትታፈናለች።

የፊት ኪሱ ውስጥ ሁለት ያረጁ የጥጥ ጨርቆች፣ ሶፍት፣ ቁራጭ ሳሙና ይቀመጣል። ዳይፐርና ቅያሪ ልብስ ከእናትየዋ ተቀብላ እዚያው ትጨምራለች። ከዚያ ደግሞ አንዲት ወረቀት አለች። የእናትየዋ ስልክ፣ የእኔ ስልክ፣ የቅርብ ጎረቤት ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ከሥር የማይስማማቸው ምግብ፣ የሚተኙበት ሰዓት፣ እናትየዋ ከሌለች ማን ልጆቹን መውሰድ እንደሚችል ተጽፏል። ስልኳ ውስጥ አለ ብላችሁ አትለፉት፣ ባትሪ ያልቃል።

ጨዋታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁሉም ባንዴ አይወጣም። አንዱ ሲሰለች ወደ ቦርሳው ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላው ይወጣል። አሁን አሁን ልጆቹ የዚፑን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸው መጥተው ይቀመጣሉ።

አንደኛው የካልሲ ኳስ ነው። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን አፉን ሰፋነው። ብርጭቆ አይሰብርም፣ ፊት ቢመታም አያምም፣ የ5 ዓመቱም የትንሿም ነው። የቀረው የካልሲ ጥንድ ደግሞ ዓይን ተሰፍቶለት አሻንጉሊት ሆነ፣ እጇን አስገብታ ታናግራቸዋለች። ሰም ከለርና የተጻፈበት ወረቀት ጀርባም አለ። ለትልቁ ከእንቁላል ትሪ ላይ ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቆርጠን ገበጣ ሠራንለት። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48። ይህ የሚወጣው ትንሿ ስትተኛ ብቻ ነው። ሲያልቅ ራሱ ልጁ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ወደ ክዳን ያለው ጣሳ ይመልሳቸዋል፣ 47 ከሆነ ምንጣፉ ተገልብጦም ቢሆን አንዷ ትፈለጋለች። ትንሿ ብታገኛት የምትሄደው አፏ ውስጥ ነዋ።

ቦርሳ የማይፈልገውንም አስተምሯት። እንቆቅልሽ ለምሳሌ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር፣ የማይደክመው?» ትለዋለች። ውሃ መሆኑ ከጠፋው «ሀገር ስጠኝ» ትላለች፣ እሱም አንድ ጊዜ መንዝን አንድ ጊዜ አንኮበርን ይሰጣታል። መልሱን ለማወቅ ሀገሩን ሁሉ ሰጥቶ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። ስልክ ግን ለመደወል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን አይመክርም። ከሁሉም በላይ ልጅ ያዢዋ ራሷ ስልክ ላይ ስታፈጥ ዓይኗ ከልጆቹ ላይ ይነሳል።

ምግብ እናትየዋ ያልፈቀደችው አይገባም። ውሃ፣ ሙዝ፣ ለስላሳ ዳቦ ይበቃል። ቆሎ በፍጹም! የደብረ ሲናን ቆሎ እኔም እወዳለሁ፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳልገዛ አልመለስም። ግን ቆሎ፣ ለውዝና ደረቅ ከረሜላ ትንንሽ ልጆችን ያንቃል። ልጄ ለራሷም አትይዝም፣ ትንሿ ከእጇ ትነጥቃታለች።

ስለ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ ዘወር ካለች ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና ስስ ብርድ ልብስ ቦርሳው ውስጥ አለ። ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም፣ ልጆቹ ሲበርዳቸው ከሰል አቀጣጥላ ክፍል ውስጥ እንዳታስገባ ነው። በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ተኝተው የነበሩ ሰዎችን ይገድላል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማት ልጆቹን ይዛ ወዲያው ወደ ውጭ ትውጣ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ብርድ ልብሱን ትታችሁ ውሃ ጨምሩ፣ እዚያ ሙቀቱ ነው የሚያስቸግረው።

መብራት ሲሄድ የምታበራው ትንሽ የእጅ ባትሪም ያስፈልጋል። ሻማ ለልጅ ቤት አይሆንም። እሷ በባትሪው ግድግዳ ላይ በእጇ የጥንቸል ጥላ ትሠራላቸዋለች፣ ጨለማውን ይረሱታል።

ለቁስል ፋሻ፣ ፕላስተርና ንጹህ ጨርቅ ብቻ። መድኃኒት አታስገቡ፣ የትኩሳት ሽሮፕም ቢሆን። ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆየት ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀባም። ይህን ወረቀቷ ላይ በትልልቁ ጽፈንላታል፣ ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውም ይጠፋበታልና።

ቤት ስትመለስ ቦርሳውን አብረን እናራግፋለን። ጨርቁ ይታጠባል፣ የጎደለው ይሞላል። ባለፈው ስንፈታው የትንሿን አንድ እግር ካልሲ ከሥሩ አገኘነው። ታጥቦ የፊት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ይመለስላታል።