የጉበት ስብ፦ «ኢንዛይሙ ኖርማል ነው» ከተባላችሁ በኋላ

ክብደታችሁ ከፍ ያለ ከሆነና የጉበት ምርመራችሁ «ኖርማል ነው» ከተባለ፣ እባካችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ። ጉበታቸው ስብ የያዘ ብዙ ሰዎች ኢንዛይማቸው ጤናማ ሆኖ ይታያል። አልትራሳውንድም ትንሽ ስብ ሊስት ይችላል፤ ሆድ ላይ ስብ ሲበዛ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል።

ሐኪማችሁን «ፊብ-4 ያስሉልኝ» በሏቸው፤ ከደም ውጤት የሚሠራ ስሌት ነው። አዲስ ደም መስጠት ላያስፈልግ ይችላል፦ ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ (ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞች) እንዲሁም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሴሎች ቁጥር) ይበቃሉ። የሚገምተው ስቡን ሳይሆን ጉበት ላይ የሚፈጠረውን ጠባሳ ነው፤ ዋናው አደጋም እሱ ነው። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው (ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ግን መለያው 2 ነው)። ከዚያ ካለፈ ፋይብሮስካን (የጉበትን መጠጠር በሚለካ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ) ጠይቁ። መሣሪያው ለወፍራም ሰው «ኤክስ ኤል» የሚባል የተለየ መመርመሪያ አለው፤ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ስኳር ያለባችሁማ በፍጹም አትዘግዩ።