የጽድ አጥሬን ከክሽክሽ ያዳንኩበት መንገድ

የፈረንጅ ጽድ አጥሬ ከውስጥ ጀምሮ ቡናማ እየሆነ ደረቀ። ቅርንጫፉን ስገልጥ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ተጣብቆበታል። ከሥሩ የሚያጣብቅ ፈሳሽና ጥላሸት አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጽድ ክሽክሽ ነው።

መጀመሪያ ውኃ አጠጣሁ። ምንም ለውጥ የለም። የሳሙና ውኃ ረጨሁ፤ ለሳምንት ጋብ ብሎ ካልተረጨው ዛፍ ተመልሶ መጣ። የደረቁትን ነቅዬ ጽድ መልሼ ተከልኩ። ይህ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ለክሽክሹ አዲስ ቀለብ ሰጠሁት።

መፍትሔ የሆነኝ ክረምት ሲገባ ክፍተቱን በወይራ፣ በዝግባና በኮሶ መሙላት ነው። የሐበሻ ጽድ እንዳትጨምሩ፤ የፈረንጅ ጽድ ዘመድ ስለሆነ ክሽክሹ እሱንም ያጠቃል። ወይራ ላይ ግን አይኖርም፤ ከአንዱ ጽድ ወደ ሌላው ለመሻገር ይቸገራል።

ክሽክሹ ጨርሶ አልጠፋም። ሁለት በጋ ግን አንድም ዛፍ አልደረቀብኝም።