የፔዳል ዙሬ 54 የሆነበት ምክንያት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ በሐረጎ ዳገት ስመለስ፣ የብስክሌት ኮምፒውተሬ አማካይ የፔዳል ዙሬን በደቂቃ 54 ብሎ ይመዘግባል። ግቤ ከ75 በላይ ነበር። ቁጥሩን አምኜ አራት ቀን ሙሉ በቀላል ማርሽ እየተጣደፍኩ ላሳድገው ሞከርኩ። ያተረፍኩት የልብ ምት መጨመር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የፔዳል ዙር የሚቆጥረውን ሴንሰር ባትሪ (ሲአር2032) ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሴንሰሩን ከኮምፒውተሩ አለያይቼ በብሉቱዝ እንደገና አገናኘሁት፤ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የታሰረበትን ላስቲክም አጠበቅኩ። ያው 54።

ከዚያ ዳገቱ መሀል ሰዓት ይዤ የቀኝ ጉልበቴን መነሳት ለአንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 78። ስክሪኑም 78 ይላል! ሴንሰሩ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ ፔዳል ሳልመታ ስወርድ የሚመዘገበው ዜሮ ሁሉ አማካዩ ውስጥ ይገባል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የፔዳል ዙር አማካይ ሲሰላ ዜሮዎቹ እንዳይቆጠሩ አደረግኩ። በማግስቱ ያው መንገድ 76 ሰጠኝ።

የልብ ምቱም ሌላ ጣጣ ነበረው። በደሴ የጠዋት ብርድ ገና ከበር ስወጣ 190 ይላል። የልብ ምቱን የሚለካው የደረት ቀበቶ ደርቆ ኖሯል፤ ቆዳ የሚነካውን ውስጡን በውሃ ሳርሰው ወደ 95 ወረደ። አሁን ሐረጎን የምወጣው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ ነው፤ ዙሩ ከ70 ሲወርድ ማርሽ አቀላለሁ፣ ዙሩ ሳይወርድ ልቤ ከ155 ካለፈ ግን ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።