ድሬ ላይ የንዝረት መለኪያ ስትተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከከረመ ወዲህ ስለ ሬክተር ስኬል የማያወራ የለም። ድሬዳዋም የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት ግቢ መለኪያ ልትተክሉ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኛው ሪከርድ የሚበላሸው ገና መሬት ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳጥኑ የተተከለ ዕለት ነው።

የማይሆን መሣሪያ መግዛት

ተራው ሲስሞሜትር የተሠራው ደካማና የሩቅ ንዝረትን ለመያዝ ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ቅርብ ሲመታ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና የግራፉ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ማለት ነው። ለብርቱ ንዝረት የሚሆነው አክሰለሮሜትር፣ ማለትም አክሰለሬሽንን (የእንቅስቃሴው ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ) የሚለካው መሣሪያ ነው፤ ቢያንስ እስከ 2 ጂ የሚለካ። 1 ጂ የመሬት ስበት ልክ ነው።

ፎቅ ላይ ማስቀመጥ

ኢንተርኔቱ እዚያ ስላለ ብቻ ሳጥኑን ሦስተኛ ፎቅ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ ያጓጓል። ያኔ የምትለኩት የሕንፃውን ውዝዋዜ ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። ወደ ምድር ውረዱ። ሮቶ ከተሸከመ ማማ፣ ከጀነሬተር፣ ሲኖትራክ ከሚመላለስበት መንገድም ራቁ። ሴራሚክ ካለ አንሱትና መለኪያውን ኮንክሪቱ ላይ በብሎን እሰሩት። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ ይወድቃል፣ እናንተም የአወዳደቁን ግራፍ ትተነትናላችሁ።

ሰሜንን ስታስተካክሉ ቤት ውስጥ የስልክ ኮምፓስ አትመኑ። ወለሉ ውስጥ ያለው ፌሮ ያሳስተዋል። ውጭ ለኩና መስመሩን ወደ ውስጥ አስገቡ።

መብራትን ማመን

ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቀድሞ የሚሄደው መብራት ነው። ባትሪ የሌለው መለኪያ የለም በሉት።

ሰዓቱን ማምታታት

ይሄ ስህተት እኛ አገር የራሱ ጣዕም አለው። መሣሪያው ሰዓቱን ከጂፒኤስ ወስዶ በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባል። የግቢው ጥበቃ ደግሞ ደብተሩ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ይህ በዩቲሲ 23:00 ነው፤ ቀኑም ገና ትናንት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ጨምሩበትና አንዱ መንቀጥቀጥ ሁለት ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዋ ሞገድ በጠንካራ ዐለት ውስጥ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ስለምትጓዝ፣ የጂፒኤሱ አንቴና ሰማይ ካላየና ሰዓቱ በ1 ሰከንድ ከተዛነፈ የመነሻ ቦታው ስሌት በኪሎ ሜትሮች ይስታል።

ዜሮውን ሳያስተካክሉ ማስላት

መሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ለማወቅ አክሰለሬሽኑ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ይደረጋል፤ በየቅጽበቱ ያለው እየተደመረ ይሄዳል ማለት ነው። ዜሮው፣ ማለትም መሬቱ ጸጥ ሲል መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር፣ በጂ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ይዛነፍ እንበል። ከ60 ሰከንድ በኋላ ኮምፒዩተሩ መሬቱ ወደ 18 ሜትር ሄደ ይላችኋል፤ ባቡር ጣቢያው መንገድ ተሻገረ እንደማለት ነው። መፍትሔው ንዝረቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጸጥታ አማካይ ወስዶ ከሁሉም ላይ መቀነስ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከንዝረቱ በፊት ያሉትን ሰከንዶችም እንዲያስቀር አድርጋችሁ አዘጋጁት። ፊልተር (ያልተፈለገውን ከሪከርዱ የሚያጣራ ስሌት) ስትጠቀሙ ግን አትጨክኑ። መንቀጥቀጡ የተነሳበት የመሬት ስንጥቅ አጠገብ መሬቱ የምር ተንሸራቶ ከሆነ ፊልተሩ እሱንም ጠርጎ ያወጣዋል። ያልተነካው ፋይል ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ

ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሰው ከፍተኛዋን የግራፍ ጫፍ ያነብና ጉዳቱን ከእሷ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓኑ 9.0 መንቀጥቀጥ ጹኪዳቴ ላይ የተመዘገበው 2.7 ጂ ገደማ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ግን በንዝረቱ የፈረሰ ሕንፃ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ የድሮው ሐይቅ ጭቃ ላይ፣ የተመዘገበው 0.17 ጂ ያህል ነው። ያኔ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መነሻው ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር።

ልዩነቱ የውዝዋዜው ፍጥነት ላይ ነው። የጹኪዳቴው በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ፈጣን ንዝረት ነበር። የሜክሲኮው አንዱን ዙር በ2 ሰከንድ እየጨረሰ፣ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች በራሳቸው ምት፣ ማለትም አንዱን ውዝዋዜ ለመጨረስ በሚፈጅባቸው ጊዜ፣ ወዘወዛቸው። ባለ አምስት ወለል ሕንፃ፣ ማለትም ጂ ፕላስ ፎር፣ በግምት የግማሽ ሰከንድ ምት አለው። ስለዚህ ሪስፖንስ ስፔክትረም (ንዝረቱ የተለያየ ምት ያላቸውን ሕንፃዎች ምን ያህል እንደሚወዘውዝ የሚያሳይ ግራፍ) ሥሩና በዚያ ምት ላይ ያለውን ዋጋ አንብቡ።

አፈሩም አለ። ደቻቱ ዳር ያለው ወንዙ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው፤ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ ቋጥኝ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ መለኪያ የመግዣ ገንዘብ ከተገኘ ሁለቱንም ከዚራ አትትከሏቸው። አንዱን አሸዋው ላይ፣ ሌላውን ቋጥኙ ላይ አድርጉ። ከሩቅ የመጣ አንድ መንቀጥቀጥ ሁለቱም ላይ ሲመዘገብ የአሸዋውን ስፔክትረም ለቋጥኙ አካፍሉት፤ አፈሩ የትኛውን ምት ስንት እጥፍ እንዳጎላው ቁልጭ ብሎ ይወጣል።